በጦርነት ዘመን የተወለደ ትብብር፤ የበረሃ አንበጣ ቁጥጥር ታሪክ ከጣና ዳርቻ ሲታይ

መግቢያ

በአማርኛ አንበጣ ሁለት ስም አለው። ክንፍ ሳያወጣ በምድር ላይ እየዘለለ የሚሄደው ኩብኩባ ሲባል፣ ክንፍ አውጥቶ በአየር የሚጓዘው አንበጣ ይባላል። ይህ የስም ልዩነት ከቃላት ጥናት ያለፈ ቁም ነገር አለው። ኩብኩባ እግረኛ በመሆኑ ከተፈለፈለበት ስፍራ እጅግ ርቆ አይሄድም፤ አንበጣ ግን በነፋስ እየታገዘ በአንድ ቀን 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊጓዝ ይችላል። ስለዚህ በኩብኩባነቱ ያልተገታ መንጋ ክንፍ ካወጣ በኋላ የአንድ ወረዳ ወይም የአንድ አገር ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም።

በጣና ሐይቅ ዙሪያ፣ በደምቢያና በፎገራ ሜዳ፣ እንዲሁም በባሕር ዳር አካባቢ የሚያርሰው ገበሬ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጤፉ ለአጨዳ በሚደርስበት ወራት የሚያሰጋው መንጋ የሚፈለፈለው አብዛኛውን ጊዜ እርሱ አይቶት በማያውቀው አገር ነው። በስተምዕራብ ከቆላው ማዶ ያለው የሱዳን ሜዳ በክረምት፣ በስተሰሜን ምሥራቅ ያለው የቀይ ባሕር ጠረፍ ደግሞ በበጋ የበረሃ አንበጣ መራቢያ ነው። ከምፅዋ እስከ ባሕር ዳር ያለው ርቀት በቀጥታ ሲለካ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ይህም ለመንጋ የአምስት ቀን መንገድ ነው። በመካከል የሚገኙት ደጋማ ተራሮች በብርዳቸው መንጋውን ያዘገዩት እንደሆነ እንጂ ለገበሬው ሙሉ ዋስትና አይሆኑትም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መንግሥታት አንበጣን በኩብኩባነቱና በመራቢያው ስፍራ ለመያዝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ያደረጉትን ትብብር፣ ኢትዮጵያም በዚሁ ትብብር ውስጥ የነበራትን ስፍራ መመርመር ነው። ትብብሩን ጦርነት ወለደው፤ በኋላም ደጋግሞ ያሰናከለው ጦርነት ነው። የጽሑፉ ዋና ነጥብ ይህ ነው። ዓ.ም. ያልተባለበት ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲገነዘብ ያስፈልጋል።

መንጋን ወደ ጎረቤት መስደድ

አባቶቻችን አንበጣን ይከላከሉበት የነበረው ዘዴ የታወቀ ነው። መንደርተኛው ጅራፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ፣ ጭስ እያጨሰ መንጋው በማሳው ላይ እንዳያርፍ ይጥራል፤ ካህናቱም ምህላ ይይዛሉ፣ ጠበል ይረጫሉ። ይህ ዘዴ የሚናቅ አይደለም፤ ሌላ መሣሪያ የሌለው ገበሬ ከነልጆቹ ሲሯሯጥ ውሎ የዓመት ቀለቡን በከፊል ሊያተርፍበት ይችላል። ሆኖም አንድ መሠረታዊ ጉድለት አለበት። ከአንዱ ማሳ የተነሣ መንጋ በሌላው ማሳ ላይ ማረፉ አይቀርም። የአንዱ መትረፍ የጎረቤቱ መጥፋት ይሆናል ማለት ነው።

ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር መጥተው ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆዩት ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ በ1540 በታተመው መጽሐፋቸው ስለ አንበጣ መቅሠፍት በሰፊው ጽፈዋል። የተባዩንም ስም ከአገሬው ሰምተው «አምባታ» ብለውታል። በደባርዋ ከካህናቱና ከሕዝቡ ጋር ምህላ አድርገው አንበጣውን በገዘቱት ጊዜ፣ ወደ ባሕር ወይም ወደ ሙስሊሞች አገር፣ አለዚያም ለክርስቲያን ወደማይጠቅም ተራራ እንዲሄድ ማዘዛቸውን ራሳቸው ይተርካሉ። ይህ ቃል የዘመኑን አስተሳሰብ በግልጽ ያሳያል። ግዝቱ መንጋው ከእኛ ዘንድ ወጥቶ ወደ ሌላው እንዲሄድ የሚያዝ ነበር። ዳሩ ግን ወደ ባሕር ጠረፍና ወደ ቆላው የሚሄድ መንጋ ወደ መራቢያው ይመለሳል፤ ከዚያም ልጆቹ ክንፍ አውጥተው ወደ ደጋው ይመጣሉ። በዚህ አሳብ ላይ የተመሠረተ መከላከያ ለአንድ ቀን እንጂ ለዘለቄታው ሊረዳ አይችልም ነበር።

የሳይንሱ ግኝትና የስብሰባዎቹ ዘመን

መንጋው ከየት እንደሚመጣ የሚያስረዳው መሠረታዊ አሳብ የወጣው በ1921 ነው። የሩሲያ ተወላጅ የሆኑትና ለንደን ውስጥ ይሠሩ የነበሩት የነፍሳት ሊቅ ቦሪስ ኡቫሮቭ፣ በብቸኝነት የሚኖረውና በመንጋ የሚጓዘው አንበጣ ሁለት ዓይነት ሳይሆኑ አንድ ዓይነት መሆናቸውን አስረዱ። ዝናም ዘንቦ በረሃው ሲለመልም ብቸኛው አንበጣ ይራባል፤ ቁጥሩ በዝቶ እርስ በርሱ ሲጨናነቅ ቀለሙም ጠባዩም ተለውጦ መንጋ ይሆናል። ኡቫሮቭ ይህን የደረሱበት በሌላ የአንበጣ ዓይነት ላይ ሲሆን፣ ስለ በረሃው አንበጣም የሚሠራ መሆኑ ተረጋገጠ። ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ግልጽ ነበር። መንጋው ከመፈጠሩ በፊት ሊያዝ የሚችልበት ጊዜና ስፍራ አለ።

ይሁን እንጂ ይህ ጊዜና ስፍራ የሚገኘው በብዙ መንግሥታት ግዛት ውስጥ ነው። መስፋፋቱ በሚበረታበት ጊዜ የበረሃ አንበጣ የሚደርስባቸው አገሮች ቁጥር እስከ 60 ይደርሳል። ስለዚህ ከ1931 ጀምሮ በሮማ፣ በፓሪስ፣ በለንደን፣ በካይሮና በብራስልስ አምስት ዓለም አቀፍ የአንበጣ ጉባኤዎች ተደረጉ። ለንደን ውስጥም ከየአገሩ የሚላከው ወሬ በካርታ ላይ እየተመዘገበ ይጠና ጀመር።

የእነዚህ ጉባኤዎች ደካማ ጎን ከኢትዮጵያ ሆኖ ሲታይ በጉልህ ይታወቃል። የመጀመሪያውን ጉባኤ ያስተናገደችው ሮማ ነበረች። አራተኛው ጉባኤ በካይሮ የተከፈተው ሚያዝያ 14 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ የጣሊያን ጦር ጎንደርን ይዞ ወደ ጣና ዳርቻ ወርዶ ነበር፤ አዲስ አበባ ለመግባትም 13 ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። ሊቃውንቱ ካይሮ ላይ ተሰብስበው ስለ አንበጣ ወሰን አለመኖር ሲነጋገሩ፣ የአንድ ነጻ አገር ወሰን በመድፍና በመርዝ ጋዝ ይጣስ ነበር።

ጦርነቱና ትብብሩ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ በጉባኤ ላይ የነበረው መግባባት ፈረሰ። በ1940 ጣሊያን ወደ ጦርነቱ ስትገባ ምሥራቅ አፍሪካና የቀይ ባሕር አካባቢ የጦር ሜዳ ሆኑ። በዚሁ በ1940 ደግሞ እስከ 1948 የዘለቀው ታላቅ የበረሃ አንበጣ መስፋፋት ጀመረ። ወሬ የሚያስተላልፉት አገሮች እርስ በርሳቸው ሲዋጉ መንጋው በመካከላቸው ያለ ከልካይ ተስፋፋ።

ሆኖም መንግሥታቱን ወደ ትብብር የመለሳቸው ያው ጦርነት ነው። የሜዲትራኒያን ባሕር ለመርከቦች አደገኛ ስለ ሆነ፣ ከእንግሊዝ ወደ ግብፅ የሚላከው ዕቃ በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞሮ መምጣት ነበረበት። በዚህ ምክንያት የመርከብ ቦታ እጅግ ውድ ሆነ። በ1941 በካይሮ የተቋቋመው የመካከለኛው ምሥራቅ የአቅርቦት ማዕከል፣ የአካባቢው ሕዝብ እህሉን በአገሩ እንዲያመርት በማድረግ መርከቦችን ለጦር መሣሪያ የማትረፍ ተግባር ተሰጠው። በ1942 አሜሪካም ገባችበት። በዚህ ስሌት መሠረት ከአንበጣ የተረፈ አንድ ኩንታል እህል በመርከብ ላይ የተረፈ የአንድ ኩንታል ቦታ ነበር። እንግዲህ በማዕከሉ ሥር የመካከለኛው ምሥራቅ ፀረ አንበጣ ክፍል የተቋቋመው በርኅራኄ ብቻ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። የረኃብ ፍርሃትና የመርከብ ሒሳብ ነበር ያቋቋመው።

ውጤቱ ግን ከታሰበው በላይ ሰፊ ሆነ። የእንግሊዝ ወታደራዊ መኪናዎች በንጉሥ አብዱል አዚዝ ፈቃድ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ገብተው በኩብኩባው መሄጃ ላይ በአርሰኒክ መርዝ የተለወሰ ፍሩሽካ ይበትኑ ጀመር። ከሕንድ የተላኩ ሠራተኞች በፋርስ ምድር ሠሩ፤ የሶቪየት ኅብረትም አውሮፕላኖችዋን ወደዚያው ላከች። በናይሮቢ የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካን ዘመቻ ይመራ ነበር። በፖለቲካ አሳባቸው የማይገናኙ መንግሥታት ስለ አንድ ተባይ ወሬ ተለዋወጡ፣ ሥራም ተከፋፈሉ።

ችግር አልነበረም ማለት አይደለም። መርዙ ግመሎቻችንን ይፈጅብናል ብለው የዓረቢያ ዘላኖች ይሠጉ ነበር፤ አንበጣን ለምግብነት ስለሚጠቀሙበትም ሥጋታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ደግሞም ትብብሩ የእኩሎች ትብብር አልነበረም። ለምሳሌ ከአንበጣ መራቢያዎች አንዱ የሆነው ኦጋዴን፣ ኢትዮጵያ ነጻነትዋን ካገኘች በኋላ እንኳ እስከ 1948 ድረስ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ቆይቷል። በገዛ ምድርዋ የሚራባውን አንበጣ የሚቆጣጠረው ሌላ ነበር።

ከጎጃም እስከ ሩብ አል ኻሊ

የአንድ ሰው ታሪክ የጣናን አካባቢ ከዚህ ሁሉ ጋር ያገናኘዋል። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ የጌዴዎን ጦር የተባለው አነስተኛ ሠራዊት ከጎጃም አርበኞች ጋር ሆኖ የጣሊያንን ምሽጎች ከቡሬ እስከ ደብረ ማርቆስ አስለቀቀ። በዚያን ጊዜ ባሕር ዳርም የጣሊያን ምሽግ ነበረች። በዚህ ዘመቻ ከተሳተፉት የእንግሊዝ መኮንኖች አንዱ በ1910 አዲስ አበባ ውስጥ የተወለዱት ዊልፍሬድ ቴሲጀር ናቸው።

ቴሲጀር በኋላ ደሴ ላይ የአልጋ ወራሹ አማካሪ ሆነው ጥቂት ጊዜ ሠርተው ሥራቸውን ለቀቁ። በ1945 አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ እራት ግብዣ ላይ ኦ. ቢ. ሊን ከተባሉ የአንበጣ ባለሙያ ጋር ተገናኙ። ሊን ይፈልጉ የነበረው ወደ ደቡብ ዓረቢያው ታላቅ በረሃ ወደ ሩብ አል ኻሊ ገብቶ የአንበጣን መራቢያና አካሄድ አጣርቶ የሚመጣ ሰው ነበር። ቴሲጀር ሥራውን ተቀበሉ። በግመል ያደረጉት ጉዞ በ1959 ባሳተሙት የዓረቢያ መጽሐፋቸው የታወቀ ሲሆን፣ የጉዞው መነሻ የአንበጣ ቅኝት እንደ ነበረ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ከዚህ ታሪክ ልንይዘው የሚገባን ሊን የጠየቁት ጥያቄ ነው። ሰው በማይኖርበት በረሃ ውስጥ መቼ እንደዘነበ፣ ኩብኩባም መፈልፈል አለመፈልፈሉን የሚያውቅ ሰው ከሌለ፣ በሩቅ አገር ያለው ገበሬ ምንም ቢተጋ ጊዜው ካለፈ በኋላ መትጋቱ ነው። ይህ ጥያቄ ከ70 ዓመት በላይ ቆይቶ እንደገና መነሣቱን ወደ ኋላ እናያለን።

አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው ስምምነት

ጦርነቱ ሲያበቃ የጦርነቱ ዘመን ድርጅቶች ወደ ሰላም ጊዜ መሥሪያ ቤቶች ተለወጡ። ኡቫሮቭ የሚመሩት የፀረ አንበጣ ምርምር ማዕከል በ1945 ለንደን ውስጥ ራሱን ቻለ። መንጋዎች ነፋሳት ወደሚገናኙበትና ዝናም ወደሚዘንብበት ስፍራ በነፋስ እየተወሰዱ እንደሚጓዙ ሬይኒ የተባሉት ተመራማሪ በ1951 አስረዱ። ከዚህ በኋላ የአየር ጠባይ ትንበያ የአንበጣ ቁጥጥር ክፍል ሆነ። በ1955 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት የበረሃ አንበጣ ቁጥጥር ኮሚቴውን አቋቋመ።

አደጋው ግን አልቀነሰም። በጥር 1954 ወደ ኬንያ የገቡት 50 መንጋዎች ባንድነት ሲለኩ 1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍኑ ነበር። ይህ የጣናን ሐይቅ አንድ ሦስተኛ የሚያህል ስፋት ነው። በ1958 ደግሞ አንበጣ በኢትዮጵያ 167,000 ቶን እህል አጠፋ፤ ይህም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ለሚሆን ሕዝብ የአንድ ዓመት ቀለብ ይሆን ነበር። በዚያው ዓመት በትግራይ ብርቱ ረኃብ ሆነ፤ ለዚህም ድርቁና አንበጣው ተባብረው ምክንያት ሆነዋል።

ነሐሴ 8 ቀን 1954 ዓ.ም. የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅትን የሚያቋቁመው ስምምነት አዲስ አበባ ላይ ተፈረመ። መሥራቾቹ ኢትዮጵያ፣ ሶማሊያ፣ ታንጋኒካ፣ ገና ነጻ ያልወጡት ኬንያና ዩጋንዳ፣ እንዲሁም ስለ ጅቡቲ ፈረንሳይ ነበሩ። ሱዳን በ1968 ገባች። የድርጅቱ ዋና ጽሕፈት ቤት በመጀመሪያ በአስመራ፣ በኋላም በአዲስ አበባ ሆነ። ይህ ስምምነት በጦርነቱ ጊዜ የነበረውን ጉድለት በከፊል አርሟል። ቀድሞ ካይሮና ናይሮቢ ሆነው የውጭ መኮንኖች ያዝዙት የነበረው ሥራ የአገሮቹ የራሳቸው ሥራ ሆነ፤ ዘላኑንና ገበሬውን በቋንቋው የሚያነጋግሩ የአገር ልጆች አሳሾችና አብራሪዎች የሚሠለጥኑበትም በር ተከፈተ።

ሰንሰለቱ ሲበጠስ

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ስምምነቱ በጦርነት የተፈተነበት ነው። ኢትዮጵያና ሶማሊያ በ1977 እና በ1978 ሲዋጉ ሁለቱም የአንድ ድርጅት አባላት ነበሩ፤ የተዋጉበትም ኦጋዴን የአንበጣ መራቢያ ነው። በዚያው ሰሞን በቀይ ባሕር ዙሪያና በአፍሪካ ቀንድ አንበጣ ተነሣ፤ አሳሾችም ውጊያ ወዳለበት ስፍራ ሊገቡ አልቻሉም። ከ1986 እስከ 1989 በነበረው መስፋፋትም በኤርትራ፣ በትግራይ፣ በሱዳንና በቻድ የነበሩት ጦርነቶች የመራቢያ ስፍራዎችን ከቁጥጥር ውጭ አደረጉ። በጥቅምት 1988 የተወሰኑ መንጋዎች ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥተው አትላንቲክን በመሻገር እስከ ካሪቢያን ደሴቶች ደረሱ።

የቅርቡ ምሳሌ ከሁሉ ይበልጥ አስተማሪ ነው። በግንቦት 2010 ዓ.ም. መኩኑ፣ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ደግሞ ሉባን የተባሉ ሁለት ዐውሎ ነፋሳት በሩብ አል ኻሊ ላይ ብርቱ ዝናም አዘነቡ። በረሃው ለመለመ፤ አንበጣውም ያየው ሳይኖር ሦስት ትውልድ ያህል ተራባ። መንጋው ወደ የመን ሲሻገር በዚያ የነበረው ጦርነት መደበኛ ቁጥጥርን አስቸጋሪ አድርጎት ነበር። በሰኔ 2011 ዓ.ም. ባሕር ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያና ወደ ሶማሊያ ገባ። እስከ 2012 ዓ.ም. አጋማሽ ድረስ በኢትዮጵያ 200,000 ሄክታር ያህል የእርሻ መሬት ተጎዳ፤ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብም በዚሁ ምክንያት የምግብ ርዳታ ፈላጊ ሆነ።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መንጋው የአማራ ክልል ምሥራቃዊ ክፍሎችን፣ በተለይም ራያ ቆቦን፣ ደቡብ ወሎን፣ የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደርንና ሰሜን ሸዋን ወረረ። የደረሰው ሰብል ቶሎ እንዲሰበሰብ ከየከተማው ወጣቶችና የመንግሥት ሠራተኞች ወደ ማሳ ወጡ፤ ባሕር ዳርም የክልሉ መንግሥት መቀመጫ እንደ መሆንዋ ክልላዊው ሥራ የሚመራባት ከተማ ነበረች። ቆቦ ከባሕር ዳር በቀጥታ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የወሎ ገበሬ ጅራፍ እያጮኸ መንጋውን ሲያባርር፣ ሲደረግ የነበረው አልቫሬዝ ከ500 ዓመት በፊት ያዩት ዓይነት መከላከል ነበር፤ ለመከላከል የተሻለው ጊዜ በ2011 ዓ.ም. በበረሃው ውስጥ አልፎ ነበርና። በዚያው በጥቅምት ወር መጨረሻ በትግራይ ጦርነት ተነሣ፤ በአንበጣ ተጎድቶ የነበረው የሰሜኑ ገበሬ የተረፈውን ሰብል በሰላም ለመሰብሰብ አልታደለም።

በ1945 አዲስ አበባ ላይ የተጠየቀው ጥያቄ ይኸው እንደገና ተጠየቀ። በሩብ አል ኻሊ ሲዘንብ ማን አየ? በቴሲጀር ዘመን መልሱን ለማምጣት ግመልና ወራት ያስፈልጉ ነበር። ዛሬ የዝናሙን ስፍራ ሳተላይት ያሳያል፤ አሳሹም ያየውን በዚያው ቅጽበት በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ያስተላልፋል። ይሁንና ሳተላይት ኩብኩባን አይቆጥርም። ሰው በስፍራው ደርሶ ማየት አለበት፤ ለመድረስም ሰላም ወይም ቢያንስ በተዋጊዎች መካከል ስምምነት ያስፈልገዋል።

ማጠቃለያ፤ ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ጥቅም

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ በጣና ዙሪያ ባሉ ትምህርት ቤቶች ሊሠራበት የሚችል የመማሪያ ርእስ ነው። በጂኦግራፊ ክፍል ተማሪዎች ከሩብ አል ኻሊ እስከ ቆቦ፣ ከምፅዋም እስከ ባሕር ዳር ያለውን መንገድ በካርታ ለክተው መንጋው በቀን 100 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ በስንት ቀን እንደሚደርስ ሊያሰሉ ይችላሉ። በሒሳብ ክፍል ደግሞ የአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መንጋ በቀን የ35,000 ሰው ምግብ እንደሚበላ ተነግሯቸው፣ የቀበሌያቸው ሕዝብ ቀለብ ለስንት ሰዓት እንደሚበቃው ቢያወጡ ቁጥሩ ከቃል ይልቅ ያስተምራቸዋል። በታሪክ ክፍል አንበጣ የመጣባቸውን ዓመታት ከአረጋውያን ጠይቀው መመዝገብ ይችላሉ፤ ይህን የሚያስታውሱት ሰዎች በየዓመቱ እያነሱ ስለሚሄዱ ሥራው ቀን የሚሰጥ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን ተማሪው የሚያገኘው ትምህርት ስለ ትብብር ምንነት ነው። በጦርነቱ ዘመን የተባበሩት መንግሥታት ይዋደዱ ስለ ነበር አልተባበሩም። አንዱ ያለሌላው ወሬ እህሉን ማዳን እንደማይችል ስለ ገባቸው ነው። ይህን ያህል ማስተዋል ለጠላትም ለወዳጅም የሚቻል ነገር ነው። የደምቢያ ልጅ ጤፍ ተርፎ ወደ ጎተራ የሚገባው፣ ስሙን የማታውቀው አንድ አሳሽ በሩቅ በረሃ ኩብኩባውን በጊዜ አይቶ ወሬውን ለሌላ አገር ሰው ሲያስተላልፍ ነው። ያ አሳሽ በጦርነት ምክንያት መንገድ ሲዘጋበት ጉዳቱ የሚታየው ከወራት በኋላ፣ ጦርነቱን ሰምቶ በማያውቅ ገበሬ ማሳ ላይ ነው።